ታንኳ መቅዘፍ ለምትፈልጉ ልጆቼ

ባለፈው ሰሞን አራት ኪሎ ቡና ይዤ ቁጭ ብዬ ሳለ ሁለት ወጣቶች መጡና ስልካቸውን ዘረጉልኝ። ቪዲዮው የ2024ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክ ነው። አውስትራሊያዊቷ ጄሲካ ፎክስ በሚንተከተክ ውሃ መሃል በተሰቀሉ እንጨቶች መካከል ትሹለከለካለች። በዚያ ውድድር በካያክም (ተቀምጠው ባለ ሁለት ጫፍ መቅዘፊያ የሚቀዝፉት) በካኖም (ተንበርክከው ባለ አንድ ጫፍ መቅዘፊያ የሚቀዝፉት) ወርቅ ወስዳለች። «ጋሼ፣ ይህን ስፖርት እኛ አገር እንጀምር ብንል ከየት እንነሳ?» አሉኝ። ወደ እኔ የመጡት ዕድሜዬን ሙሉ የወንዝ ፍሰት ስለካ የኖርኩ መሐንዲስ ስለሆንኩ ነው። ያን ዕለት የመለስኩላቸው አልበቃኝም። ስለዚህ ለሁላችሁም ልጻፍ።

ስፖርቱ ካኖ ስላሎም ይባላል። ቀዛፊው ከ18 እስከ 25 በሮችን በተራ ያልፋል፤ በር የሚባለው ከውሃው በላይ የተሰቀሉት እንጨቶች መካከል ያለው ክፍተት ነው። አረንጓዴውን በር ከውሃው ጋር ወርዶ፣ ቀዩን ደግሞ ውሃውን ተቃውሞ ወደ ላይ ወጥቶ ነው የሚያልፈው። እንጨቱን ከነካ በፈጀው ሰዓት ላይ 2 ሰከንድ ይጨመርበታል። በር ከዘለለ 50 ሰከንድ። 50 ሰከንድ ማለት ያ ውድድር አለቀ ማለት ነው።

ልጆቹ ቶሎ የጠየቁኝ ስለ ፌዴሬሽንና ለውድድሩ ስለሚሠራው የውሃ ቦይ ነበር። እኔ ግን መልሼ «ዋና ትችላላችሁ?» አልኳቸው። ዝም አሉ። መነሻው እዚህ ነው። መሃል ከተማ ያደግን ሰዎች ብዙዎቻችን ውሃ የምናውቀው ከቧንቧ ነው። እኔ ዋና የተማርኩት ጊዮን ሆቴል መዋኛ ውስጥ ነው፣ ያውም ሥራ ከያዝኩ በኋላ። ያስገደደኝ አዋሽ ላይ የደረሰብኝ ነገር ነው። ፍሰት ልንለካ የገባንበት ጀልባ ተገለበጠ። ውሃው ከወገቤ አያልፍም ብዬ ልቆም ሞከርኩ። እግሬ በሁለት ድንጋዮች መካከል ገባ፣ ውሃው ከኋላ ገፍቶ በፊቴ ደፋኝ። ጓደኞቼ በገመድ ጎትተው አወጡኝ። ላይፍ ጃኬት አልነበረንም፤ የሰጠንም፣ የጠየቅንም ሰው የለም። ስለዚህ ይህን በደንብ ያዙልኝ። ኃይለኛ ውሃ ውስጥ ከወደቃችሁ አትቁሙ። በጀርባችሁ ተንጋለሉ፣ እግራችሁን ከፍ አድርጋችሁ ውሃው ወደሚሄድበት አስቀድሙ፣ በእጃችሁ እየቀዘፋችሁ ወደ ዳር ውጡ።

ሁለተኛው ውሃ ማንበብ ነው። ይህን ያለ ምንም ወጪ እዚሁ መሃል ከተማ መማር ይቻላል። ሐምሌ ላይ ቀበና ድልድይ ቆማችሁ ወደ ታች ተመልከቱ። ትልቅ ድንጋይ ፈልጉ። ከፊቱ ውሃው ያብጣል፣ ግራና ቀኝ ይከፈላል፣ ከጀርባው ደግሞ ወደ ላይ ይመለሳል። አዎ፣ ወደ ላይ። የተጣለ የሃይላንድ ፕላስቲክ እዚያ ገብቶ ሲዞር ታያላችሁ። ቀዛፊ ቀዩን በር የሚወጣው በክንዱ ብቻ አይደለም፤ ያ የሚመለስ ውሃ ተሸክሞት ነው። አንድ ሰዓት ቆማችሁ ካያችሁ፣ ብዙ ሰው ዓመት ሙሉ ቀዝፎ የማያየውን ታያላችሁ። ታዲያ ከድልድዩ እንዳትወርዱ። ወንዞቻችን የቤትና የፋብሪካ ፍሳሽ ተሸክመዋል፣ ደራሽ ጎርፉም በደቂቃዎች ውስጥ ነው የሚመጣው። እነዚህ ወንዞች የሚጸዱበት ቀን ለስፖርታችሁም ትልቅ ቀን ነው። ስለ ጽዳታቸው መጮህ እንግዲህ የእናንተም ሥራ ነው።

ከዚያ በኋላ የተኛ ውሃ። ፈቃድ ጠይቃችሁ ከቢሾፍቱ ሐይቆች በአንዱ ገመድ ዘርጉ፣ የፒቪሲ ቱቦ እየቆረጣችሁ አንጠልጥሉ፣ ቀይና አረንጓዴ ቀቡት። በሮች አላችሁ ማለት ነው። በዓለም ደረጃ የሚወዳደሩትም በተኛ ውሃ ላይ በሮች ሰቅለው ይለማመዳሉ። ታንኳስ ቢሆን ለእኛ መች እንግዳ ሆነ? ጣና ላይ የደንገል ታንኳ ሲሠራ ስንት ዘመኑ ነው።

ቦዩ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ስፖርቱ ኦሊምፒክ የገባው በፈረንጆቹ 1972 ሙኒክ ላይ ነው፤ ማሞ ወልዴ በማራቶን፣ ምሩጽ ይፍጠር በ10,000 ሜትር ነሐስ ያመጡበት ጊዜ። ውድድሩ አውግስቡርግ ውስጥ ሰው በሠራው ቦይ ላይ ነበር። ምሥራቅ ጀርመኖች አገራቸው ውስጥ፣ ዝቪካው ላይ፣ የዚያን ቦይ አምሳያ ሠርተው ተለማመዱና አራቱንም ወርቅ ወሰዱ። ዛሬ ለንደን አጠገብ ያለው የሊ ቫሊ ቦይ 300 ሜትር ነው፣ 5.5 ሜትር ይወርዳል፣ በሰከንድ 13 ሜትር ኩብ ውሃ በፓምፕ ይገፋል። ይህን የመብራት ወጪ እኛ አንሞክረው። የ1996ቱ አትላንታ ግን የተካሄደው ከግድብ በሚለቀቅ ውሃ፣ ኦኮዪ ወንዝ ላይ ነው። ግድብ ያለው አገር ይህን ልብ ማለት አለበት። ፋጡማ ሮባ በማራቶን ወርቅ ባመጣችበት በዚያ ኦሊምፒክ፣ ሚካል ማርቲካን የሚባል የ17 ዓመት ልጅ ኦኮዪ ላይ አሸንፎ ለነጻዋ ስሎቫኪያ የመጀመሪያውን ወርቅ አስገኘ። አምስት ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ያላት አገር ናት።

ስለ ቶጎም ሰምታችሁ ይሆናል። ቤንጃሚን ቡክፔቲ በ2008 ቤይጂንግ ላይ ነሐስ ወሰደ፤ የቶጎ የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ነው። በደስታ መቅዘፊያውን ሰበረው። ደስ ይላል። ቡክፔቲ ግን ተወልዶ ያደገው ፈረንሳይ ነው። ሜዳሊያው የቶጎ ነው፣ ልጁን ያሳደገው ውሃ ግን የፈረንሳይ ነው። እኔ ለእናንተ የምመኘው ውሃውንም ነው። ስለዚህ ከመካከላችሁ አንዱ ቀዛፊ መሆኑን ትቶ አሠልጣኝ ይሁን፣ አንዷ ዳኝነት ትማር፣ አንዱ እንደ እኔ ምህንድስና ያጥና።

እነዚያን ሁለት ልጆች ሐምሌ በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ቀበና ድልድይ ላይ ቀጥሬያቸዋለሁ። እናንተም ኑ። ጃንጥላ ያዙ፣ ደብተርም አትርሱ፤ የውሃውን አካሄድ እየሳልን ነው የምንቆየው።