የአያት ቤት ለእንግዳ ሲከፈት

ጥያቄ፦ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ የሚገኘውን የአያቴን ባለ አንድ ፎቅ የድንጋይ ቤት አድሰን የእንግዳ ማረፊያ ልናደርገው ተነሥተናል። የአካባቢው ሽማግሌዎች «ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ያሠሩት ነው» ይላሉ። ከ1967 ዓ.ም. በኋላ የገበሬ ማኅበር ጽሕፈት ቤትና የእህል ማከማቻ ሆኖ ቆይቷል። የጣሪያውና የፎቁ ወለል እንጨት ባሕር ዛፍ ነው። በበሩ ላይ ስለ ቤቱ ታሪክ ምን እንጻፍ?

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ የሽማግሌዎቹ ቃል ሳይናቅ ከቤቱ እንጨት ጋር ሊተያይ ይገባዋል። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት፣ በቀድሞ ስማቸው ራስ አዳል፣ በ1873 ዓ.ም. ነግሠው በ1893 ዓ.ም. አረፉ፤ መናገሻቸውም መንቆረር፣ የዛሬዋ ደብረ ማርቆስ ነበረች። ባሕር ዛፍ ግን በዓፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ፣ በአዲስ አበባና በአካባቢዋ መተከል የጀመረ ስለሆነ፣ ጎጃም ደርሶና አድጎ ፎቅ እስኪሸከም ድረስ ንጉሡ በሕይወት ነበሩ ብሎ ማመን ያስቸግራል። ጣሪያ ይታደሳልና የእርሱ እንጨት ብቻውን አያስረዳም። የፎቁን ወለል የተሸከመው አግዳሚ ጫፉ ከግንቡ ድንጋይ ጋር አብሮ የተገነባ እንደሆነ ግን በቀላሉ የማይለወጥ በመሆኑ ዋናው ምስክር እርሱ ነው። በዚያ ቦታ ጥድ፣ ወይራ ወይም ዋንዛ ካገኛችሁ የሽማግሌዎቹ ቃል ክብደት ይጨምራል።

በእኔ እምነት ከንጉሡ ስም ይልቅ ልትደብቁት የማይገባው የማኅበሩ ዘመን ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ካደረገ በኋላ፣ ዛሬ ጎረቤቶቻችሁ የሆኑት ሰዎች ወላጆች በዚያ ደጅ ተሰብስበዋል፣ መሬት ተደልድሎላቸዋል፣ እህል አስገብተዋል። ለቤተሰባችሁ ያ ጊዜ መራራ እንደነበር እገምታለሁ፤ ቢሆንም የቤቱ ዕድሜ አካል ነውና ከእነርሱ ጠይቃችሁ ጻፉት።

በእድሳቱ ጊዜ በጭቃ የተገነባውን ግንብ በሲሚንቶ አትምረጉት፤ እርጥበት እንዳይወጣ አፍኖ ድንጋዩን ያላላዋል፤ ኖራ ይሻላል። ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ ደግሞ በ1992 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 209 መሠረት ከመንካታችሁ በፊት ፈቃድ ያስፈልጋችኋል።

አግዳሚውም ባሕር ዛፍ ሆኖ ከተገኘ፣ የበሩ ጽሑፍ እንዲህ ቢሆን እወዳለሁ፦ «ይህን ቤት የአገሩ ሽማግሌዎች የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ነው ይሉታል፤ እንጨቱ ከእርሳቸው በኋላ እንደተሠራ ያመለክታል። የቤተሰብ መኖሪያ፣ ከ1967 ዓ.ም. በኋላም የገበሬ ማኅበር ጽሕፈት ቤትና የእህል ማከማቻ ነበር።»