እትዬ፣ የትኛው ሥልጠና ይሻለኛል?

ግንቦት ሲዳረስ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች፣ የፔዳና የፖሊ፣ ማስታወቂያ ሰሌዳዎች ወረቀት በወረቀት ይሆናሉ። የትምህርት ክፍል ሴሚናር አለ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ዲፌንስ (ተማሪው ጽሑፉን በፈታኞች ፊት የሚያቀርብበት) አለ፣ የሁለትና የሦስት ቀን የኮምፒውተር ሥልጠና አለ፣ እንግዳ ምሁር የሚሰጡት ገለጻ አለ። በዚህ ወር ወደ ዓምዳችን ከመጡት ደብዳቤዎች የበዙት ስለዚሁ የሚጠይቁ ናቸው። ዕድሜዬን በኮምፒውተር ላብ ሠራተኛነትና በሴሚናር አስተባባሪነት ስላሳለፍኩ ነገሩ ከልቤ ነው። አራቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያው መልስ ረዘም ይላል፤ የብዙ ተማሪዎችን ጭንቀት የያዘ ጥያቄ ነውና።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ፖሊ ግቢ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌ ጣና ላይ ያለውን እምቦጭ ከሳተላይት ምስል መለየት ነው። በአንድ ሳምንት ሦስት ሥልጠና ተደራርቦብኛል፤ የፓይተንና ማሽን ለርኒንግ (ፕሮግራም ጽፎ ኮምፒውተርን በምሳሌ ማሠልጠን)፣ የኪውጂአይኤስ (የካርታ ሶፍትዌር) እና ሳተላይት ምስል፣ የኤስፒኤስኤስ (የስታትስቲክስ ሶፍትዌር)። ጓደኞቼ በሙሉ ማሽን ለርኒንጉ ላይ ተመዝግበዋል፤ እኔ ብቻዬን ወደ ኋላ የምቀር መሰለኝ። አማካሪዬ «የሚጠቅምህን አንተ ታውቃለህ» አሉኝ። ምን ይመክሩኛል?
የጣናው ተማሪ፣ ባሕር ዳር

መልስ፦ የኔ ልጅ፣ ኪውጂአይኤሱን ያዝ። ጓደኛ የተመዘገበበትን ተወውና እጅህ ላይ ያለውን መረጃ እይ። ያንተ መረጃ ምስል ነው። ምስሉን ሳታውቀው ማሽን ለርኒንግ ብትማር ለኮምፒውተሩ የምታቀብለው ነገር የለህም።

ነገሩን ጠጋ ብለን እንየው። ሴንቲኔል ሁለት የሚባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች የሚያነሡትን ምስል ማንም በነፃ ያወርደዋል። የመጀመሪያው በ2015፣ ተከታዩ በ2017 እ.ኤ.አ. መጥቀው ሁለቱ እየተጋገዙ ያንኑ ቦታ በየ5 ቀኑ እንዲያነሡ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። ይበልጥ ጥርት ባሉት ባንዶች (ሳተላይቱ ለየብቻ በሚያነሣቸው የብርሃን ዓይነቶች) አንዷ ፒክስል፣ የምስሉ ትንሿ ካሬ፣ 10 ሜትር በ10 ሜትር ናት፤ ሐይቁ ላይ 100 ካሬ ሜትር ማለት ነው። እምቦጩ ተነጥፎ ሲተኛ በደንብ ይታያል። በቀጭኑ ዳር ዳሩን ሲይዝ ግን አንዷ ፒክስል ውስጥ ውሃውም፣ ጭቃውም፣ እምቦጩም ይደባለቁና ኮምፒውተሩ የቱን ብሎ ይሰይማት?

ውሃንና ቅጠልን መለየትማ አያስቸግርም። ለምለም ቅጠል ዓይናችን የማያየውን ኢንፍራሬድ ብርሃን አብዝቶ ይመልሳል፣ ውሃ ደግሞ ይውጠዋል፤ ምስሉ ላይ አንዱ ሲያበራ ሌላው ይጠቁራል። ፈተናው ቅጠልን ከቅጠል መለየቱ ላይ ነው። በምሥራቁ ዳርቻ የፎገራ ሩዝ አለ፣ ውሃው ዳር ደንገል አለ፣ የግጦሽ ሣር አለ፣ እምቦጩም አለ። ለሳተላይቱ ሁሉም ለምለም ናቸው። እነሱን የሚለይልህ ጀልባ ይዘህ፣ ቦታው ድረስ ሄደህ፣ በጂፒኤስ «ይህ ደንገል፣ ይህ እምቦጭ» እያልክ የመዘገብከው ነጥብ ነው። ነጥቡን ከምስሉ ጋር እንዴት እንደምታገናኘው የምትማረው ደግሞ ኪውጂአይኤሱ ላይ ነው።

እዚያ ሁለት ነገር ሳትጠይቅ እንዳትወጣ። አንደኛው የቀን ነገር ነው። እምቦጭ ተንሳፋፊ ነው፣ ነፋስ ወዲያ ወዲህ ይገፋዋል። ማክሰኞ የመዘገብከው ቦታ ቅዳሜ በተነሣው ምስል ላይ ባዶ ውሃ ሆኖ ሊጠብቅህ ይችላል። ስለዚህ የመስክ ቀንህን ሳተላይቱ ከሚያልፍበት ቀን ጋር አጋጥም። ክረምቱንም አትመነው፤ ደመናው ሐይቁን ይሸፍንብሃል። ደመና የማያግደው የራዳር ምስል ከሴንቲኔል አንድ ይገኛልና አሠልጣኙን ስለሱ ጠይቃቸው።

ሁለተኛው የነጥብ አከፋፈል ነው። ዲፌንስ ላይ «ትክክለኛነቱ 95 ከመቶ» የሚል ስላይድ ሲመጣ አዳራሹ ደስ ይለዋል፤ እኔ ግን ነጥቦቹ እንዴት እንደተከፈሉ ሳልሰማ አላጨበጭብም። 20 ሜትር ብቻ ከሚራራቁ ሁለት ነጥቦች አንዱ ለማሠልጠኛ፣ ሌላው ለመፈተኛ ከገባ ኮምፒውተሩ የተፈተነው መልሱን ባየው ጥያቄ ነው። ነጥቦችህን በአካባቢ ክፈላቸው፤ ለምሳሌ በደንቢያ በኩል አሠልጥነህ በፎገራ በኩል ፈትን። ቁጥሩ ይወርድብህ ይሆናል። አትደንግጥ፤ ነገ ካርታህን ይዞ እምቦጭ ሊነቅል ለሚወጣው ገበሬ የሚጠቅመው የወረደው ቁጥር ነው።

ማሽን ለርኒንጉ አያመልጥህም። ራንደም ፎረስትን የመሰለ የማሽን ለርኒንግ ዘዴ በኪውጂአይኤስ ላይ በሚጫን ተጨማሪ መሣሪያ፣ ፕለጊን በሚባለውም፣ ይሠራል። ፓይተኑን የራስህን ነጥቦች ሰብስበህ ብትማረው ቶሎ ይገባሃል። ኤስፒኤስኤሱ መጠይቅ ለበተነ ሰው ነው፤ ላንተ አይደለም።

ደግሞ ባዶ እጅህን እንዳትሄድ። ሶፍትዌሩን ከቤትህ ጭነህ ሂድ። ምስሉንም አስቀድመህ አውርደው፤ አንዱ ጥቅል እስከ አንድ ጊጋባይት ሊደርስ ይችላል፣ ሠላሳ ሰው በአንድ ዋይፋይ ላይ ያንን ሲያወርድ ግማሽ ቀን ያልቃል። ላፕቶፕህን ቻርጅ አድርገህ፣ ኤክስቴንሽን ይዘህ፣ ፋይልህን በፍላሽ ገልብጠህ ግባ። መብራት ሲጠፋ ሥራው የማይቋረጥበት ሰው ብዙ ተምሮ ይወጣል።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። መራዊ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአይሲቲ መምህር ነኝ። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ስለሚደረጉ ገለጻዎች እሰማለሁ፤ ለእኛ ለውጭ ሰዎች ክፍት ናቸው? ዝም ብዬ ብመጣ ያስገቡኛል?
መምህር፣ ከመራዊ

መልስ፦ መምህር፣ ይምጡ እንጂ! የመመረቂያ ጽሑፍ ዲፌንስና የትምህርት ክፍል ሴሚናር አብዛኛውን ጊዜ ለአድማጭ ክፍት ነው። የተግባር ሥልጠና ግን በኮምፒውተርና በወንበር ብዛት የተወሰነ ስለሆነ ያለ ምዝገባ አይሆንም። ከመነሣትዎ በፊት አዘጋጁ የትምህርት ክፍል ስልክ ይደውሉና ስምዎን ያስይዙ። ለበሩ መታወቂያ ይያዙ፤ ላፕቶፕ ካለዎት ሲገቡ ያስመዝግቡ፣ ሲወጡ እንዳይቸገሩ።

የቱ ግቢ እንደሆነም ያጣሩ። ፖሊ የተጀመረው በ1963 እ.ኤ.አ. በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ በተቋቋመው ፖሊቴክኒክ ነው፤ ፔዳ ደግሞ በ1972 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የመምህራን አካዳሚ ነበር። ሁለቱ ተዋሕደው ዩኒቨርሲቲ የሆኑት በ1992 ዓ.ም. ነው። ዛሬም ምህንድስናና ኮምፒውቲንግ ሲሉ ፖሊ፣ ትምህርትና ማኅበራዊ ሳይንስ ሲሉ ፔዳ ማለት ነው። የግብርናው ግቢ ዘንዘልማ ከዓባይ ድልድይ ማዶ ነው። ከመናኸሪያ ወርደው ባጃጅ ሲይዙ «ዩኒቨርሲቲ» ብቻ ካሉ የሚደርሱት ሹፌሩ የመሰለው ግቢ ነው፤ የግቢውን ስም ይጥሩ።

ከሁሉ በላይ ሰዓቱን ይጠንቀቁ፤ ይህ ብዙ ሰው ያስቀራል። ማስታወቂያው በእንግሊዝኛ ተጽፎ 2፡30 ካለ በእኛ 8፡30 ይሆናል፤ በአማርኛ ተጽፎ 2፡30 ካለ ደግሞ ጠዋት ነው። እንግዳው በኢንተርኔት ከውጭ አገር የሚያቀርቡ ከሆነ የሳቸውም ሰዓት ይጨመርበታል። ቀኑም እንዲሁ ነው፤ ግንቦት 8 እና ሜይ 8 በስምንት ቀን ይራራቃሉ። ስልክ ሲደውሉ «በሐበሻ ሰዓትና በሐበሻ ቀን ይንገሩኝ» ይበሉ።

ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ የሚያዘጋጀውን የሳይንስና ቴክኖሎጂ ጉባኤም ይከታተሉ። ወሩ ከዓመት ዓመት ይለዋወጣል። በቀደሙት ጉባኤዎች የቀረቡ ጥናቶችን ስፕሪንገር የተባለው አሳታሚ በመጽሐፍ ስላሳተማቸው ርዕሶቹን ኢንተርኔት ላይ አይተው የትኛው ለተማሪዎችዎ እንደሚሆን መገመት ይችላሉ። ከተቻለ ሁለት ሦስት ተማሪዎች ይዘው ይምጡ፤ የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ አንድ ዲፌንስ አይቶ ሲመለስ ምን እንደሚሆን እኔ አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ የሦስተኛ ዓመት የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ስለ አማርኛ ጽሑፍ ማንበቢያ ሶፍትዌር ገለጻ ሊቀርብ ነው፤ በጣም የምወደው ርዕስ ነው። ግን ገለጻው በእንግሊዝኛ ነው፣ ሁሌም ጥያቄ ልቤ ውስጥ ይዤ ሳልጠይቅ እወጣለሁ። ጓደኞቼም እንደዚያው ነን። ምን ላድርግ?
እጇን ያላወጣችው

መልስ፦ እታለም፣ በአማርኛ ጠይቂ። መድረክ መሪው ይተረጉሙልሻል፤ ሥራቸው ነው። በአንድ ወቅት ስለ ጣና ዓሣ ምርት ጥናት ሲቀርብ ከኋላ ወንበር የተቀመጡ አንድ ዓሣ አጥማጅ ኮፍያቸውን አውልቀው ተነሡና «የጨረቃውን ሌሊትና የጨለማውን ሌሊት ለያይታችሁ ነው ወይ የመዘናችሁት? በጨረቃ እኮ ዓሣው መረቡን ያያል» አሉ። አቅራቢው ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት አገላብጦ አገላብጦ «አልለየንም» አለና ሌላ ነገር ሳይናገር ብዕሩን አውጥቶ ጻፈው። አዳራሹ ውስጥ ከዚያ የተሻለ ጥያቄ አልተነሣም፤ አንድም የእንግሊዝኛ ቃል አልነበረበትም።

አንቺም አስቀድመሽ በወረቀት ጻፊው፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ከፊት ተቀመጪ፤ ከኋላ ያለች እጅ ብዙ ጊዜ አትታይም። ደግሞ ለዚህ ርዕስ የሚሆን ጥያቄ እኔም ላቀብልሽ። የኛ ፊደል በዩኒኮድ፣ ኮምፒውተሮች ለየፊደሉ በሚጠቀሙበት የጋራ የኮድ ሥርዓት፣ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ኮድ አላቸው። ብዙ የአማርኛ ሶፍትዌር ግን ገና ሲጀምር ወደ አንድ ይጨፈልቃቸዋል። ለፍለጋ ይህ ደግ ነው፤ «ዓለም» ብሎ የጻፈም «አለም» ብሎ የጻፈም አንድ ነገር ያገኛል። የብራና ጽሑፍ አንብቦ ለሚገለብጥ ሶፍትዌር ግን ጥፋት ነው፤ በግዕዝ ሠረቀ ወጣ፣ ፀሐይ ወጣች እንደሚባለው፣ ሰረቀ ደግሞ ሌብነት ነው። የጣና ገዳማቱን፣ የክብራን ገብርኤልን ወይም የዳጋ እስጢፋኖስን፣ ብራና በዚያ ሶፍትዌር ቢገለብጡት ምን ይሆናል? እንግዲህ «ፊደላቱን ጨፍልቃችኋል ወይ? የት ደረጃ ላይ?» ብለሽ ጠይቂ። ቀጥለሽም «ያሠለጠናችሁበት ጽሑፍ የታተመ ነው ወይስ የእጅ? ስንት መስመር ነው? ማን አረመው?» በይ። ስለ መረጃው የሚጠየቅ ጥያቄ ለየትኛውም የኮምፒውተር ገለጻ ይሆናል።

አቅራቢው በደንብ ካልመለሱልሽ ሻይ ሰዓት ላይ ጠጋ በያቸው። ኢሜይላቸውን ተቀብለሽ በዚያው ቀን ማታ ጻፊላቸው፤ ሳምንት ካለፈ ይረሱሻል።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እነዚህ ሥልጠናዎች ሰርተፊኬት አላቸው? ለሥራ ፍለጋ ይጠቅመኛል ወይ?
ሥራ ፈላጊ፣ ቀበሌ 14

መልስ፦ ብዙዎቹ የተሳትፎ ሰርተፊኬት ይሰጣሉ፤ ስትመዘገብ ጠይቅ። ስምህን ፊርማ ወረቀቱ ላይ መታወቂያህ ላይ እንዳለው አድርገህ ጻፍ፤ ሰርተፊኬቱ የሚታተመው ከዚያ ነው፣ ኋላ ለማስተካከል መከራ ነው። ቀጣሪ ግን ሰርተፊኬቱን አይቶ «እስቲ የሠራኸውን አሳየኝ» ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ ሥልጠናው ላይ የሠራኸውን ካርታ፣ የጻፍከውን ኮድ በፍላሽህ ይዘህ ውጣ፤ ቤት ስትደርስ ያንኑ በሌላ መረጃ ድገመው፤ ያ ሁለተኛው ሥራ ያንተ የራስህ ነው፣ እሱን አሳያቸው።

አንድ ልመና ግን አለኝ፣ ለሁላችሁም። ተመዝግባችሁ መምጣት ካልቻላችሁ ደውሉና ቦታውን ልቀቁ። ላብ ውስጥ ያለው ወንበር የተቆጠረ ነው፤ ከመራዊም ከዳንግላም ተጠባባቂ ሆነው ስልካቸውን የሚያዩ ሰዎች አሉ። ከሥልጠናው ሁለት ቀን በፊት ብትነግሯቸው አውቶቡስ ተሳፍረው ይደርሳሉ።