ጥያቄና መልስ፦ የመረሬ ስንጥቅ፣ የባሚያ ማኅተምና ሌሎችም

ባሚያ ቆርጠው ወረቀት ላይ ሲያትሙ ኮከቡ የሚጨማለቅባቸው አንባቢ መላ ይጠይቃሉ።

ዝልግልጉ ነው። ከቆረጡት በኋላ ፊቱን ጨርቅ ላይ ደፍተው አንድ ሰዓት ያቆዩት፤ ቀለሙንም በብሩሽ ይቀቡት እንጂ አይንከሩት።

አንድ የሥዕል ተማሪ በበጋ የሚሰነጠቅ መረሬ መሥራት ፈልጎ የዓሣ መረብ እየመሰለ አስቸግሮታል። ሥዕሉንም ልኮልናል።

መረብ የሆነብህ ሁሉንም መስመር እኩል ስላሰመርከው ነው። ስንጥቅ ታላቅና ታናሽ አለው። ጭቃ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሥሩ ግን ተይዞ ስለሚቀር ይወጠርና ይተረተራል። በመጀመሪያ ረጅሙና ሰፊው ይከፈታል። እሱ ሲከፈት ዳርና ዳሩ ይላላል፤ የሚቀረው በስንጥቁ ርዝመት አቅጣጫ ያለው ውጥረት ብቻ ነው። ስለዚህ ተከታዩ ስንጥቅ ታላቁን 90 ዲግሪ ገደማ ይገጥመውና እዚያው ይቆማል። አያቋርጠውም። አንተ ግን ከላይ እስከ ታች መስቀል በመስቀል አድርገኸዋል!

እንግዲህ በቅደም ተከተሉ ሥራ፦ ሦስት አራት ረጃጅም መስመር በወፍራም፣ ቀጥሎ ከእነዚያ የሚነሱ አጫጭሮች፣ በመጨረሻ የፀጉር ያህል ቀጫጭኖች። ከእነዚህ አንዳንዶቹ መሃል ላይ ይቅሩ። ደጋግሞ እየራሰ የሚደርቅ መሬት ግን ጠባዩ ሌላ ነው፤ ስንጥቆቹ ቀስ በቀስ ወደ 120 ዲግሪ ይዞሩና እንደ ጉልቻ ሦስት አቅጣጫ ይይዛሉ። እርሳስ ከማንሳትህ በፊት ሃያ መጋጠሚያ ቁጠርና የትኛው እንደሚበዛ እይ።

በቤትህም ሞክረው። የተነፋ መረሬ አቡክተህ በአንዱ ትሪ 5 ሚሊ ሜትር፣ በሌላው 2 ሴንቲ ሜትር አድርገህ ጥላ ውስጥ አድርቅ። ወፍራሙ በትልልቁ ይከፈላል። ትሪውን ዘይት እንዳትቀባው፤ ጭቃው ይንሸራተትና እምብዛም ሳይሰነጠቅ ይሰበሰባል። ፎቶ አይቼ ልሥራ ወይ ላልከው፣ ሥራ፤ ፎቶ ላይም ቢሆን የቆመው ታናሽ፣ ያስቆመው ታላቅ ነው።

በሱፍ አበባ ላይ ያሉት 34 እና 55 ጥምዝ መስመሮች ምሥጢር አላቸው ወይ የሚሉም አሉ።

ምሥጢር የለም፤ ፍሬዎቹን በነጥብ ሲሥሉ መስመሮቹ ራሳቸው ይወጣሉ። እያንዳንዱን ነጥብ ካለፈው 137.5 ዲግሪ በመሃሉ ዙሪያ እያዞሩ ያስቀምጡ፤ ከመሃል ያለው ርቀት የተራ ቁጥሩ ስኩዌር ሩት በ2 ሚሊ ሜትር ተባዝቶ ነው። አራተኛው 4፣ መቶኛው 20 ሚሊ ሜትር ላይ ይውላል። 136 ቢያደርጉት በነጥቦቹ መሃል ክፍተት ይታያል። ለምን እንደሆነ የሒሳብ መምህር ይጠይቁ።

የቅንጭብ አጥር ቅርንጫፍ ሰብረው ሲሥሉ ወተቱ ዐይናቸው ውስጥ የገባባቸው እናት «ምን ልቀባበት?» ይላሉ።

ምንም! አይሹት፣ ቅቤም ሆነ የጡት ወተት አያስጠጉት። በሚወርድ ንጹህ ውሃ ቢያንስ 15 ደቂቃ ይጠቡና ዛሬውኑ ዐይን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ማቃጠሉ ቢቀልልዎትም ይሂዱ፤ ጉዳቱ ከሰዓታት በኋላ ሊብስ ይችላል። ሥዕሉን ሲድኑ አጥሩ ሥር ቆመው፣ ሳይሰብሩ ይሠሩታል።