ስለ ሱናሚ ማስጠንቀቂያው ለጠየቅሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። «ሳይረን ሲጮህ ልጆቼን ይዤ ኮረብታው ላይ ወጣሁ። ሁለት ሰዓት ያህል ጠብቀን ተመለስን። የመጣው ውኃ ጉልበት እንኳ አይደርስም ነበር። ቤታችን ከባሕሩ እኩል ነው፤ ዕድሜ ልካችንን እንዲህ እየሮጥን ልንኖር ነው?» ነው ያልሽው። አዎ፣ ልትሮጡ ነው። እኔን ያሳሰበኝ ግን ሩጫው ሳይሆን «ሁለት ሰዓት» ያልሽው ነው።

እኔም ባሕር ዳር፣ ረባዳ ሰፈር ውስጥ ስኖር ዘጠኝ ዓመቴ ነው። እስካሁን ሦስት ጊዜ ወጥቻለሁ። የመጀመሪያውን ጉዴን ልንገርሽ። የመሬት መንቀጥቀጡ የተነሳው ሩቅ ስለነበር በቂ ጊዜ ነበረን፤ ሳንጋፋ ወጣን። ማዕበሉ ይደርሳል የተባለበት ሰዓት መጣ፣ አለፈ፤ ምንም የለም። ሰዉ መቀለድ ጀመረ። እኔ ደግሞ የእናቴን የደም ግፊት መድኃኒት ቤት ረስቻለሁ። «አሥር ደቂቃ አይፈጅብኝም» ብዬ ወረድኩ።

መድኃኒቱን ይዤ ስወጣ ዓይኔ ጀልባዎች የሚታሰሩበት ቦታ ላይ አረፈ። ውኃ የለም። ጀልባዎቹ ጭቃው ላይ በጎናቸው ተኝተዋል። ሁልጊዜ ውኃ ውስጥ የሚውሉት የእንጨት ምሰሶዎች አረንጓዴ እንደለበሱ እስከ ሥራቸው ይታያሉ። አንዲት ትንሽ ዓሣ ትንፈራገጣለች። ከዚያ ውኃው ተመለሰ። ፊልም ላይ እንደምናየው ተጠቅልሎ የሚወድቅ ግድግዳ እንዳይመስልሽ። ባሕሩ ራሱ ዝም ብሎ ከፍ፣ ከፍ አለ፤ ገንዳ ሲሞላ እንደሚሆነው፣ ግን በሩጫ። ደረጃውን ግማሽ ወጥቼ ዞር ስል የቆምኩበት መንገድ ላይ የቆሻሻ በርሜል ይንሳፈፋል። ያን ቀን ትልቁ ሦስተኛው ማዕበል ነበር። እናቴ እስከ ማታ አላናገረችኝም።

(ባሕሩ ሁሌም ቀድሞ ይሸሻል ማለት አይደለም። አንዳንዴ መጀመሪያ የሚመጣው ውኃው ነው። ሲሸሽ ካየሽ ግን ቪዲዮ ልቅረጽ ብለሽ እንዳትቆሚ።)

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ይኸውልሽ፦ የሚነገረን ሰዓት የመጀመሪያው ማዕበል የሚደርስበት ነው እንጂ የትልቁ አይደለም። ሱናሚ ተከታትሎ ነው የሚመጣው። በአንዱና በሚቀጥለው መካከል ከአምስት ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ሊሆን ይችላል፤ ይሄ ደግሞ ለብዙ ሰዓታት ይቀጥላል። እ.ኤ.አ. በ1964 የአላስካው መንቀጥቀጥ ያስነሳው ሱናሚ ካሊፎርኒያ ውስጥ ክሬሰንት ሲቲ ሲደርስ ከሁሉም የከፋው አራተኛው ነበር። ከመጀመሪያው በኋላ «አለፈ» ብለው ሱቃቸውን ሊያጸዱ የተመለሱ ሰዎች ነበሩ። ከዚያ በፊት በ1960 የቺሊው ሱናሚ ሃዋይ፣ ሂሎ ከተማ ለመድረስ 15 ሰዓት ያህል ወስዶበታል። ሳይረኑ ቀደም ብሎ ጮኋል። እንደዚያም ሆኖ 61 ሰው ሞተ።

ስለዚህ ሰዓትሽን ሳይሆን «አደጋው አልፏል» የሚለውን ይፋዊ መልእክት ጠብቂ። ጎረቤት ስለተመለሰ አትመለሺ። ጉልበት ያልሞላውንም ውኃ አትናቂው፤ እንጨትና ቆርቆሮ እየገፋ ነው የሚመጣው፣ አዋቂ ሰው ይጥላል።

ሳይረን ሰልችቶኛል የሚል ሰው ሳይ እ.ኤ.አ. በ2004 ሱናሚ የመታት ሶማሊያ ትዝ ትለኛለች። ኢንዶኔዥያ ውስጥ ካለችው ሱማትራ ደሴት አጠገብ የተነሳው ማዕበል ሕንድ ውቅያኖስን አቋርጦ እዚያ የደረሰው ከስንት ሰዓት በኋላ ነው። ጊዜ ነበር፤ የሚነግራቸው ግን አልነበረም። ያኔ ለሕንድ ውቅያኖስ የማስጠንቀቂያ ሥርዓት ገና አልተዘረጋም። ወደ 300 የሚሆን ሰው አለቀ። መንቀጥቀጡ ከተነሳበት አጠገብ ያለችው ሲሙሉዌ ደሴት ላይ ደግሞ ወደ 78 ሺህ ሰው እየኖረ የሞተው ሰባት ነው። አያቶቻቸው ከ1907ቱ (እ.ኤ.አ.) ሱናሚ ጀምሮ «መሬት በኃይል ከተናወጠ ወደ ተራራ ሩጥ» እያሉ አሳድገዋቸዋል፤ ሳይረን አልጠበቁም። አንቺም ቆሞ መሄድ የሚያቅት፣ ወይም ረጅም ንዝረት ከተሰማሽ ስልክ አትክፈቺ። ንዝረቱ ጋብ ሲል ወደ ኮረብታው ውጪ።

ቤት ቀይሪ የሚሉሽን ኪራዩን ይክፈሉልሽ በያቸው። እኔ ያደረግኩት ይሄን ነው፦ መንገዱን ከእናቴ ጋር በእግር፣ በማታ፣ በባትሪ መብራት ለካሁት። 14 ደቂቃ። መኪና ትቻለሁ፤ በሁለተኛው ጊዜ መንገዱ ተቆልፎ መኪና ውስጥ የቀሩትን በእግሬ አልፌያቸዋለሁ። ኮረብታው ጋ መድረስ ካቃተን የምንገባበትን የኮንክሪት ሕንፃ መርጠናል፤ ሦስተኛ ፎቅና ከዚያ በላይ። ልጆችሽ ትምህርት ቤት ሳሉ ከጮኸ አንቺ ወደ ታች አትውረጂ፤ ወዴት እንደሚያወጧቸው ከአሁኑ ጠይቂና እዚያው አግኚያቸው።

ቦርሳው በር ሥር ነው። ውኃ፣ ፓወር ባንክ፣ የሰነዶች ኮፒ፣ ሹራብ። ኮረብታ ላይ ሌሊት እንደሚበርድ ያወቅኩት ተንቀጥቅጬ ነው። የእናቴ መድኃኒትም አሁን እዚያ ውስጥ ነው የሚያድረው። ጠዋት ጠዋት ከቦርሳው አውጥታ ትውጥና መልሳ ዚፑን ትዘጋለች፤ እኔን ግን አታምነኝም።