ራግቢም «እግር ኳስ» ይባላል ወይ?

ጥያቄ፦ የስፖርት ታሪክ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1871 ለንደን ላይ የተቋቋመውን ድርጅት «የራግቢ እግር ኳስ ኅብረት» ብዬ ጻፍኩ። አርታኢዬ ግን «ኳስ በእጅ ተይዞ የሚሮጥበት ጨዋታ እንዴት እግር ኳስ ይሆናል?» አሉኝ። ራግቢን ጀመረ ስለሚባለው የራግቢ ትምህርት ቤት ተማሪ የጻፍኩትን፣ «ዌብ ኤሊስ በ1823 እግር ኳስ ሲጫወት ኳሱን አቅፎ ሮጠ» የሚለውንም አልወደዱትም። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ አርታኢዎ ልክ ናቸው። ችግሩ የመጣው እንግሊዝኛውን ቃል በቃል ከመከተል ነው።

እንግሊዞች «ፉትቦል» ሲሉ ለዘመናት አንድ የተለየ ጨዋታ ማለታቸው አልነበረም። መንደር ከመንደር የሚጋፋበት፣ እጅም እግርም የሚገባበት ግርግር ሁሉ በዚያው ስም ይጠራ ነበር፤ የለንደን ከንቲባ በ1314 የከለከሉትም ይህንኑ ነው። ኋላ ትምህርት ቤቶች በየራሳቸው ደንብ ይጫወቱት ጀመር። ራግቢ ከተማ የሚገኘው ትምህርት ቤት ደንቡን በጽሑፍ ያሰፈረው በ1845 ነው።

ቁርጡ የለየው በ1863 ነው። በዚያ ዓመት የለንደንና የአካባቢዋ ክለቦች ተሰብስበው የእግር ኳስ ማኅበሩን መሠረቱ። ያጨቃጨቃቸው ኳስ ይዞ መሮጥና የተጋጣሚን ቅልጥም መምታት ነበር፤ ሁለቱም ሲከለከሉ የብላክሂዝ ክለብ ጥሎ ወጣ። የሚገርመው፣ ያ የመጀመሪያ ሕግ ኳስን ከአየር ላይ በእጅ መቅለብን አልከለከለም! ጥሎ የወጣው ብላክሂዝ በ1871 ከሌሎች ክለቦች ጋር የራግቢውን ኅብረት ሲመሠርት ደግሞ ቅልጥም መምታት እዚያም ታገደ። እንግዲህ ሁለቱ ጨዋታዎች የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ «ፉትቦል» የሚለውን ስም የያዙትም ሁለቱም ናቸው።

አማርኛ ግን ይህን ታሪክ አልኖረም። በእኛ ቋንቋ «ኳስ» ሰፊ ነው፤ ከፊቱ የሚቀመጠው ቃል ያጠበዋል፦ እጅ ኳስ፣ መረብ ኳስ፣ ቅርጫት ኳስ። «እጅ ኳስ» የሚባል ጨዋታ እያለ «እግር ኳስ» ሲባል አንባቢ በልቡ እጅን ያስወጣል። «የራግቢ እግር ኳስ» የሚያስደናግረው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ከ1863 በፊት ያለውን «ፉትቦል» ብለው ይጻፉ፣ መጀመሪያ ሲጠቅሱትም በአንድ ሐረግ ያብራሩት። ከዚያ ወዲህ ለማኅበሩ ጨዋታ «እግር ኳስ»፣ ለሌላው «ራግቢ» ይበሉ። ድርጅቱን «የራግቢ ፉትቦል ኅብረት» ማለቱ ይሻላል።

የዌብ ኤሊሱ ዓረፍተ ነገር ሌላም እርማት ይፈልጋል። በትምህርት ቤቱ ጨዋታ ኳስ መቅለብ የተፈቀደ ስለነበር፣ አዲስ ነገር አደረገ የተባለው ይዞ በመሮጡ ብቻ ነው። ወሬውም የተሰማው በ1876፣ እሱ ከሞተ ከ4 ዓመት በኋላ፣ በቦታው ካልነበረ ሰው ነው። «ሮጠ» የሚለው ግሥ ጸሐፊውን ምስክር ያደርገዋል፤ «ሮጧል ይባላል» ብለው ይጻፉት።