«ፌክ ፋን» ተባልኩ፣ ልውጣ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የአንዲት ፖፕ ዘፋኝ አድናቂዎች ግሩፕ ውስጥ ነኝ። ግማሾቹን ጓደኞቼን ያገኘኋቸው እዚያ ነው። ሰሞኑን አንዲት ልጅ «አዲሱ አልበም ይደብራል» ብላ ጻፈች። አድሚኑ አካውንቷን ለጥፎ «ሁላችሁም ሪፖርት አድርጓት፣ ፎቶዋንም ፈልጉ» አለ። እኔ «ይሄማ በዛ» ብዬ ጻፍኩ። ወዲያው ስድቡ ወደ እኔ ዞረ። «ፌክ ፋን»፣ «ሰላይ» እያሉ የድሮ መልእክቶቼን በስክሪንሾት ያዞራሉ። ይቅርታ ጠይቄ ልቆይ ወይስ ልውጣ? ምን ይመክሩኛል?
ሐ. ነኝ

መልስ፦ እህቴ፣ ይቅርታ የምትጠይቂው ምን አድርገሽ ነው? «በዛ» ስላልሽ? በዝቷላ! አልበም ይደብራል ማለት አስተያየት ነው። የሰው ፎቶ አስፈልጎ መንጋ ማዝመት ግን ሌላ ነገር ነው።

አድሚኑ ለዘፋኟ እየተከራከርኩ ነው ይል ይሆናል። ማን ላከው? ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በሞዴሏ ሄይሊ ቢበር ላይ የግድያ ዛቻ ሲዘንብባት፣ ይህን አልደግፍም ብላ በኢንስታግራም የጻፈችው አድናቂዎቹ «የምንቆምላት» የሚሏት ዘፋኟ ሴሌና ጎሜዝ ራሷ ናት።

መንጋ ደግሞ አያጣራም። እ.ኤ.አ. በ2016 የዘፋኟ ቢዮንሴ አድናቂዎች ዲዛይነሯን ሬቸል ሮይን ሊሰድቡ ተነስተው፣ ስሟ ስለተመሳሰለ ብቻ የቴሌቪዥን ምግብ አብሳይዋን ሬቸል ሬይን ሲሰድቡ ነበር። ሴትዮዋ በነገሩ ውስጥ የለችበትም!

እስቲ የሚያዞሩብሽን ነገር ልብ ብለሽ እይው። አንዱ ይሰድባል፣ ላይክ ያገኛል። ቀጣዩ እንዳይበለጥ የባሰ ስድብ ይፈልጋል። ዘፋኟን የሚያስታውሳት የለም፤ የሚተያዩት እርስ በርስ ነው። ስለዚህ መልስ አትስጪ። የቁጣ መልስም ቢሆን ፖስቱን ለብዙ ሰው ያደርሰዋል።

ከመውጣትሽ በፊት ግን ስድቦቹን ከነአካውንት ስማቸውና ከነቀናቸው ስክሪንሾት አንሺ። ነገ ሊያጠፏቸው ይችላሉ። ስልክ ቁጥርሽን ደብቂ። ለስትሪሚንግ (ዘፈኗን በኢንተርኔት ደጋግሞ ለማስደመጥ) ወይም ለሽልማት ድምፅ መስጫ ብለሽ ለግሩፑ ያካፈልሽው ፓስዎርድ ካለ ዛሬውኑ ቀይሪ። ይሄን ብዙዎች ይረሱታል፣ ከተጣሉ በኋላ አካውንታቸውን ያጣሉ።

ከዚያ ከግሩፑ ውጪ። ጓደኞችሽን ማጣት እንደሚከብድ አውቃለሁ፣ ቀላል ነው አልልሽም። ግን በውስጥ መስመር «ልክ ነሽ» ያለሽ አንድ ሰው እንኳ ካለ ከእሱ ጋር ቀጥዪ። ዘፈኑን ለመስማት የአድሚን ፈቃድ አያስፈልግም።

ያቺንም ልጅ አትርሻት። ፎቶዋን እየፈለጉ መሆኑን ላታውቅ ትችላለች። በአጭሩ ጻፊላትና አካውንቷን ለጊዜው ትቆልፍ።