መልስ፦ ልጄ የባቡር ሞዴል ለመጀመር ምን ልግዛለት?
ሰላም እህቴ። የ12 ዓመት ልጅሽ የባቡር ሞዴል ከሚሠሩ ሰዎች ጋር ቢቀላቀል ምን መግዛት እንዳለብሽ ጠይቀሻል። ለጊዜው ምንም አትግዢ፣ ይዘሽው ብቻ ነይ። እኛ ለቡ አካባቢ፣ አንድ አባላችን ግቢ ባለች ሰርቪስ ቤት ቅዳሜ ከሰዓት እንገናኛለን። ሞተር ያለው ባቡር ያለን ሁለት ብቻ ነው። ጣቢያውን፣ ድልድዩንና ተራራውን ከካርቶንና ከቀርከሃ ራሳችን እንሠራለን፤ ልጆቹም አብዝተው የሚወዱት ይህንን ነው።

ልኬቱን ግን ከወዲሁ ይወቀው። የምንሠራው በ1፡87 ነው፤ ማለትም ከእውነተኛው 87 ጊዜ አሳንሰን። ለገሃር ይገባ የነበረው የድሮው ባቡር የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር ስለነበር በሞዴል 12 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። ከሰበታ ጅቡቲ የሚሄደው አዲሱ ግን 1,435 ሚሊሜትር ነውና በሞዴል 16.5 ሚሊሜትር ይደርሳል። ስለዚህ ሁለቱ በአንድ ሐዲድ አይሄዱም! እኔ ይህን ሳላውቅ የድሮውን ፉርጎ ለሰፊው ሐዲድ ሠርቼ፣ ሦስት ወር የለፋሁበትን አፍርሼ እንደገና ጀምሬያለሁ። እስካሁን ይቆጨኛል።

ሌላው አቧራ ነው፤ የሰፈራችንን አቧራ ታውቂዋለሽ። ኤሌክትሪኩ ወደ ሞተሩ የሚደርሰው ከሐዲዱ በመንኮራኩሩ በኩል ስለሆነ፣ ሐዲዱ ከቆሸሸ ባቡሩ መሐል መንገድ ላይ ይቆማል። ለዚህ ነው አዲስ የመጣ ሁሉ መጀመሪያ አልኮል በነካ ጨርቅ ሐዲድ የሚወለውለው። ልጄን ጽዳት ላይ ጣሉት ብለሽ እንዳታዝኚ፣ ሁላችንም ከዚያ ነው የጀመርነው።

መቀስና ማስመሪያ ከቤት ይዞ ይምጣ።